የእንጨት ባር በቤት ውስጥ፦ ፊቱ ሸካራ፣ ልኩ ግን የጠራ

ጉጡ፣ የመጋዝ ጭረቱና የድሮ ምስማር ቀዳዳው የሚታይ ባር (ከፍ ያለ የመጠጥ ጠረጴዛ) ለመሥራት የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ «ሸካራ ስለሆነ ልኩ ትንሽ ቢዛነፍ አይታወቅም» ይላል። ይታወቃል። ሸካራነቱ የፊቱ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው ፍሬም እንደ ማንኛውም ጥሩ የቤት ዕቃ ቀጥ ያለና የማይነቃነቅ መሆን አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ላይኛው ጣውላ የሚያብጥበትና የሚኮማተርበት ቦታ ካልተተወለት፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን መሰንጠቁ አይቀርም።

ልኩን ከወንበሩ ጀምሩ። የባር ወንበር መቀመጫ ብዙውን ጊዜ ከወለል 75 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል። ጉልበት እንዲገባ ከዚያ በላይ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ስለሚያስፈልግ የባሩ ጠቅላላ ከፍታ 105 ይሆናል። ለአንድ ተቀማጭ 60 ሴንቲሜትር ስለሚያዝ፣ 180 ሴንቲሜትር ሦስት ሰው በምቾት ያስተናግዳል። ላይኛው ጣውላ 60 ሴንቲሜትር ስፋት፣ 4 ሴንቲሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ከዚህ ስፋት 22ቱ ወደ ተቀማጩ በኩል ተርፎ ይውጣ፣ ፍሬሙ 35 ሴንቲሜትር ይሁን፣ 3ቱ ከኋላ ይቅር። ፍሬሙ ጠባብ ስለሆነ ሰው ሲደገፍበት ወደ ፊት ሊወድቅ ይችላል። ወለሉ ላይ ወይም ግድግዳው ላይ ሳይታሰር እንዳይቀር፣ በተለይ ልጆች ባሉበት ቤት። ከባሩ ኋላ ለሚቆመው ሰው 90 ሴንቲሜትር መተላለፊያ ተዉለት።

እንጨቱ ደረቅ ይሁን ሲባል ከላይ ሲነኩት የማያረጥብ ማለት አይደለም። በአየር የሚደርቅ ጣውላ፣ በግምት ለ2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት 1 ዓመት ይፈልጋል። ከዚያም በኋላ ባሩ የሚቆምበት ክፍል ውስጥ፣ አየር እንዲገባው በየመሃሉ ቀጭን እንጨት እየተደረገለት ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀመጥ። አንዱን ጣውላ በየሦስት ቀኑ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ለሥራ ደርሷል። ቅርፊት ካለው አንሱት፤ ቅርፊት ውሎ አድሮ ይለቃል፣ ከሥሩም ነፍሳት ይጠለላሉ። የዕቃ መጫኛ ፓሌት የምትፈቱ ከሆነ ማኅተሙን እዩ፦ «ኤች ቲ» የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ «ኤም ቢ» የሚለው በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታከመ ስለሆነ ቤት አይግባ። የድሮ እንጨት ላይ መጋዝ ከማሳረፋችሁ በፊት ማግኔት አስኪዱበት፤ የተደበቀ ምስማር የመጋዝ ጥርስ ይጨርሳል።

ለፍሬሙ 5 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ እንጨት ይበቃል። የፊቱ ፍሬም 180 በ101 ሲሆን አምስት ቋሚዎች በየ45 ሴንቲሜትሩ ይቆሙለታል። ማዕዘኑ ትክክል መሆኑን በስኳድራ ብቻ አትመኑ፤ ከጥግ ወደ ጥግ ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። ሁለቱም 206 ሴንቲሜትር ከ4 ሚሊሜትር መምጣት አለባቸው። ካልመጡ ረጅሙን ሰያፍ ገፋ አድርጋችሁ አስተካክሉና ከዚያ እሰሩ። የኋላው ፍሬም መደርደሪያ እንዲገባበት ዳርና መሃል ብቻ ቋሚ ይኑረው፤ ሁለቱን በአግዳሚ አያይዟቸው። የፊቱን ጣውላዎች ስትለብጡ በየመሃላቸው 2 ሚሊሜትር ተዉ፣ ከኋላቸው ያለውን ደግሞ አስቀድማችሁ ጥቁር ቀቡ፤ ያኔ ክፍተቱ ዓይን ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ላይኛው ጣውላ ከሦስት ባለ 20 ሴንቲሜትር ጣውላዎች በኮላ ይጋጠማል። ሞርሳውን በየ35 ሴንቲሜትሩ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጉ፤ ሁሉም ከአንድ ወገን ከሆነ ጣውላው ይቆለመማል። ኮላው ከመጋጠሚያው በጥቃቅን ነጠብጣብ ብቅ ካለ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ኮላውን ጨምቆ ያወጣዋል። እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ በስፋቱ ግን 60 ሴንቲሜትር የሆነው ከእርጥብ ወቅት ወደ ደረቅ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ላይኛውን ከፍሬሙ ጋር በኮላ አታጣብቁት። ከታች፣ በአግዳሚው በኩል በብሎን እሰሩት፦ በተቀማጩ በኩል ያለው መስመር ክብ ቀዳዳ ይኑረው፣ ከኋላ ያሉት ግን 1 ሴንቲሜትር የሚረዝም ሞላላ ቀዳዳ ከነሮንዴላው። ሞላላው ከፊት ወደ ኋላ ይዘርጋ እንጂ በባሩ ርዝመት አቅጣጫ አይሁን። 5 ሴንቲሜትር አግዳሚ የሚያልፍ የ8 ሴንቲሜትር ብሎን ላይኛው ውስጥ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ይገባል፤ 10 ሴንቲሜትር ብትጠቀሙ ጫፉ ከላይ ይወጣል።

የአሮጌ እንጨት መልክ የምትፈልጉ የሚሸጥ ቀለም አያስፈልጋችሁም። ቀጭን የብረት ሱፍ ኮምጣጤ ውስጥ ለ24 ሰዓት ነክሩ፤ ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን አታጥብቁ፣ ከዚያ በጨርቅ አጥሉት። የማይዝግ የድስት መፈግፈጊያ ለዚህ አይሆንም። እንጨቱን አስቀድማችሁ ወፍራም ጥቁር ሻይ ቀብታችሁ አድርቁ፤ ሻይው ታኒን የተባለውን፣ ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚጠቁር ንጥረ ነገር ይሰጠዋል። ከዚያ ብረታማውን ኮምጣጤ በብሩሽ ስትቀቡት ዓይናችሁ እያየ ወደ ግራጫ፣ ቀጥሎም ወደ ጥቁር ይሄዳል። በቁራጭ ላይ ሳትሞክሩ ባሩ ላይ አትጀምሩ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ እንጨት የሚሰጠው ቀለም የተለያየ ነው። ተራ የብረት ብሎን እርጥበት ሲያገኘው ዙሪያውን የሚያጠቁረውም ብረቱ ከእንጨቱ ታኒን ጋር ስለሚገናኝ ነው።

ብርጭቆ ወረቀት ግን ከዚህ ቀለም በፊት ነው፦ 80፣ 120፣ 180 ቁጥር። ከዚያ ፖሊዩሪቴን ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ በ320 ቀለል አድርጋችሁ እያሻሻችሁ። ሸላክ የተባለው የእንጨት ማስዋቢያ ቅብ በአልኮል ስለሚሟሟ ለባር አይሆንም። የቫርኒሹን ጣሳ አትነቅንቁት፣ በእርጋታ አማስሉት፤ አለዚያ አረፋው ላዩ ላይ ይደርቃል። የታችኛውን ፊትም እኩል ጊዜ ቀቡ፤ አንድ ወገን ብቻ ከተቀባ እርጥበት በሌላው ይገባና ጣውላው ይጣመማል። በተልባ ዘይት የምትሠሩ ከሆነ የነካካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ግሎ እሳት ይይዛል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

በመጨረሻ የእግር ማሳረፊያ ቧንቧ ከወለል 20 ሴንቲሜትር ላይ፣ በየቋሚው እየታሰረ ይገባል። ቫርኒሹ በአንድ ቀን ቢደርቅም ውስጡ እስኪጠነክር ሳምንታት ይወስዳል፤ እስከዚያ እርጥብ ብርጭቆ አታስቀምጡበት።