በመረሬ መሬት ላይ ዘመናዊ ትራክተሮችን ያወዳደርሁበት መንገድ

በሰሜን ሸዋ ሞሬትና ጅሩ ወረዳ፣ መረሬ በሚባለው ጥቁር የሸክላ አፈር ላይ ስንዴ የምናመርት ዘመዳሞችና ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተን ትራክተር ለመግዛት ስንስማማ፣ የመምረጡ ሥራ ለእኔ የተሰጠው በኪራይ ትራክተር ላይ ለረጅም ጊዜ ሾፌር ሆኜ ስለሠራሁ ነው። አስመጪዎች የሚሰጡት ወረቀት በአብዛኛው የሚያወራው ስለ ፈረስ ጉልበት፣ ስለ ሲሊንደር ብዛትና ስለ ክብደት ነው። ከ100 እስከ 140 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ትራክተሮች መካከል ግን፣ እኛ ለምንጎትተው ዲስክ ማረሻ ሲባል፣ የጉልበት ልዩነቱ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም። የወረዳችን ከተማ የእነዋሪ አካባቢ ከፍታ ከ2,600 ሜትር ስለሚበልጥ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያየኋቸው ሁሉ ባለ ቱርቦ ስለነበሩ ይህንንም ቶሎ አለፍሁት። የቀረኝ ጥያቄ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ በእጁ፣ በእግሩና በወገቡ የሚያውቀው ነገር ብቻ ነበር።

መመዘኛዬን የወሰድሁት ከማሳው ጫፍ ነው። ኩታ ገጠም እርሻ ማሳዎቻችንን ቢያቀራርብም፣ እንደ ባሌና አርሲ ሰፋፊ እርሻዎች ረጅም መንገድ በአንድ አቅጣጫ የሚያስኬዱ አይደሉም፤ ትራክተሩ ገና መንገዱን እንደያዘ ጫፍ ይደርሳል። እዚያ ሾፌሩ ጋዝ ይቀንሳል፣ ማረሻውን ያነሣል፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ የሚያደርገውን የዲፈረንሻል መቆለፊያ ይፈታል፣ መሪ ያዞራል፣ ቦታው ካልበቃው ወደ ኋላ ያስገባል፣ እንደገና ወደ ፊት ይላል፣ ማረሻውን ያወርዳል፣ ጋዝ ይጨምራል። ይህ ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋገማል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትራክተር ላይ ይህንኑ ቅደም ተከተል እየፈጸምሁ፣ እጄ መሪውን ስንት ጊዜ እንደለቀቀ፣ እግሬ ፍሪሲዮን ስንት ጊዜ እንደረገጠ፣ ዐይኔም ከማረሻው ላይ ስንት ጊዜ እንደተነሣ በደብተር መዘገብሁ። በአስመጪው ግቢ፣ ያውም በአስፋልት ላይ፣ ማሽከርከር ለዚህ አይበቃም፤ ማረሻ ገጥሞ መሬት ላይ ለማስሞከር ፈቃደኛ ያልሆነውን ሻጭ ከዝርዝሬ አወጣሁት። የጅሩ ሰንጋ ገዢም ቢሆን ከሻኛው እስከ ዳሌው ሳይዳብስ ዋጋ አይጠራም።

ትልቁን ልዩነት ያገኘሁት አቅጣጫ መቀየሪያው ላይ ነው። በድሮዎቹ ትራክተሮች ወደ ኋላ ለመሄድ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ማሽኑን አቁሞ፣ ማርሹን በእጅ መፈለግ ግድ ነው። ዳይና-4 የሚባል ካምቢዮ ባለው ማሴይ ፈርጉሰን ላይ ግን ከመሪው በስተግራ ያለችው አንዲት ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትቀይራለች፣ ማርሽ ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች፣ የፍሪሲዮንንም ሥራ ትሠራለች፤ ቀኝ እጅ ለማረሻው ነጻ ሆኖ ይቀራል። ካምቢዮው አራት ምድቦች ያሉት ሲሆን፣ በየምድቡ ያሉት አራት ማርሾች ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ስለሚገቡ በጠቅላላው 16 ወደ ፊት፣ 16 ወደ ኋላ ይሆናል። ፓወርኳድ የሚባለው የጆን ዲር ካምቢዮም በየምድቡ አራት ማርሾችን ማረሻው መሬት ውስጥ እያለ ይቀይራል፤ አቅጣጫ መቀየሪያውም በግራ እጅ የሚሠራ ነው። በዚህ ደረጃ ባሉት በብዙዎቹ ላይ አቅጣጫ ሲቀየር ማሽኑ ለስለስ ብሎ ወይም ቆረጥ ብሎ እንዲነሣ ማስተካከል ስለሚቻል፣ ለጀማሪ ሾፌር ለስላሳውን፣ ለለመደው ደግሞ ፈጣኑን መስጠት ይቻላል።

የማርሽ ደረጃ የሌለው፣ ፍጥነቱን ያለማቋረጥ የሚያሳድገውና የሚያወርደው ካምቢዮ ከሁሉም የበለጠ የሚመች መሆኑን አልክድም። ፌንት ይህን ዓይነቱን ቫርዮ በሚል ስም በ1990ዎቹ አጋማሽ በአውሮፓ አቆጣጠር ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ሌሎቹም ተከትለውታል፤ የኬስ ኩባንያ ሲቪኤክስ የሚባሉትን ስነዳ ቀኝ ክንዴ ከማሳረፊያው ላይ ሳይነሣ ፍጥነቱንም፣ አቅጣጫውንም፣ ማረሻውንም ከአንድ ጆይስቲክ አዘዝሁ። ነገር ግን ዲስክ ማረሻ ቀኑን ሙሉ የሚሄደው በአንድና በሁለት ማርሽ ብቻ በመሆኑ፣ ለእኛ ጥቅሙ የሚታየው በጫፍ ላይ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛውን ጥሩ አቅጣጫ መቀየሪያ ያለው ካምቢዮ በጣም ባነሰ ዋጋ ይሰጣል። በጫፍ የሚፈጸመውን ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ ቀርጾ በአንድ ቁልፍ የሚደግመው ሥርዓትም እንዲሁ ነው። ማሳው ሁሉ እኩልና ቀጥ ያለ በሆነበት አገር ትልቅ እፎይታ ይሰጣል፤ በእኛ ዘንድ ግን አንዱ ጫፍ ላይ ፈሰስ፣ ሌላው ላይ ግራር፣ ሦስተኛው ላይ የጎረቤት ሽንብራ ስላለ አንዱ መዞር ሌላውን አይመስልም።

የማረሻ ማንሻው ከካምቢዮው ባልተናነሰ ጊዜዬን ወሰደ። መሐንዲሱ ሃሪ ፈርጉሰን ማረሻን ከትራክተር ጋር የሚያገናኘውን ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ ከሃይድሮሊክ ጋር ካዋሐደው ጊዜ ጀምሮ፣ መሬቱ ሲከብድ ማረሻውን በራሱ ጥቂት ከፍ የሚያደርገው አሠራር በአብዛኞቹ ትራክተሮች ላይ አለ። በመረሬ መሬት ላይ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ በአንድ ትልም ውስጥ ደርቆ የተሰነጠቀ ቦታና ውኃ የቋጠረ ቦታ ስለሚፈራረቁ፣ ማንሻው ፈጥኖ ካልታዘዘ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። በአሮጌዎቹ ይህ በሁለት ዘንጎች ይስተካከላል፤ ያስለምዳል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በአዲሶቹ ጥልቀቱ በአንዲት ተሽከርካሪ ቁልፍ ይወሰንና ከዚያ በኋላ ማንሣትና ማውረድ በአውራ ጣት ይሆናል፤ ማረሻው ሲነሣ ወይም መሪው ሲጠመዘዝ የዲፈረንሻሉ መቆለፊያ በራሱ የሚፈታባቸውም አሉ። በኋላ ጎማው መከላከያ ላይ ያሉት የማንሻ ቁልፎች ትንሽ ነገር ቢመስሉም፣ ሾፌሩ ረዳት ሳይፈልግ መሬት ላይ ቆሞ ማረሻውን እንዲያገጥም ያስችሉታል።

ለመልመድ ቀላል መሆኑን ለማየት፣ ዕድሜውን በአሮጌ ትራክተር ላይ ያሳለፈ አንድ ሽማግሌ ሾፌርና ገና ፈቃድ ያወጣ ወጣት ያለ ማብራሪያ እንዲቀመጡ አደረግሁ። ወጣቱ ወዲያው ስክሪኑን መነካካት ጀመረ። ሽማግሌው ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዙሪያውን ከቃኙ በኋላ፣ «ልጄ፣ ብርቱካናማው የሚያስኬደው ነው፤ ቢጫው ደግሞ ፒቲኦው ነው፤ ሌላውን ቀስ ብዬ አገኘዋለሁ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ማን ነገረዎት?» ብላቸው ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ እንቅስቃሴን የሚመለከቱት መቆጣጠሪያዎች በብርቱካናማ፣ ፒቲኦ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለተገጠመው መሣሪያ የሚያስተላልፈው ዘንግ፣ መቆጣጠሪያው በቢጫ መቀባቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተለመደ ነው። ይህን ደንብ በጥንቃቄ የጠበቀ ጋቢና እንግሊዝኛ ለማያነብ ሾፌር ከስክሪን የበለጠ ይናገራል። ከሞከርኋቸው በአንዱ ላይ የፒቲኦ ፍጥነት መቀየሪያ ስክሪኑ ውስጥ ሦስት ገጽ ገብቶ የሚገኝ ነበር፤ አቧራ ባለበት ጣት ደግሞ ስክሪኑ አልታዘዝ ይላል።

ስለ ምቾት የጻፍሁት ማስታወሻ ከሁሉም ይረዝማል። የአየር መቀመጫ ከስፕሪንጉ እንደሚሻል ማንም ያውቃል፤ ብዙዎች የማያዩት ግን መቀመጫው በጥቂቱ ወደ ቀኝ መዞር አለመዞሩን ነው። አራሽ ግማሽ ቀኑን ወደ ኋላ ዞሮ ነው የሚውለው፤ መቀመጫው ካልዞረ የሚዞረው አንገቱ ነው። ከማረሻው ኋላ ልጆች መከተላቸው ስለማይቀር፣ የኋላ መስታወቱ ስፋትና የምሰሶዎቹ ቅጥነት የደኅንነትም ጉዳይ ነው። ድምፅን በሚመለከት፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ከ85 ዴሲቤል በላይ መስማት ጆሮን እንደሚጎዳ ይታወቃል፤ ጋቢና የሌላቸው ትራክተሮች ይህን ያልፋሉ፣ የተዘጉት ግን ሰው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ለማውራት ያስችላሉ። ሐምሌ ላይ ፔዳሎቹን ማየትም አይከፋም። ከወለሉ የሚበቅሉ ፔዳሎች ሥር ከጫማ የሚረግፈው መረሬ ይታጨቅና ሲደርቅ እንደ ሸክላ ስለሚጠነክር ፍሬኑ እስከ መጨረሻው አይረገጥም፤ ከላይ ተንጠልጥለው የሚወርዱት ግን ወለሉ በመጥረጊያ ሲጠረግ ይጸዳሉ። መወጣጫውም ሰፊና ቀዳዳ ያለው ሲሆን ጭቃው በመካከሉ ይወርዳል።

በመጨረሻ የመረጥነው ማርሹ ያለ ፍሪሲዮን የሚገባ፣ አቅጣጫ መቀየሪያው በግራ እጅ፣ ማንሻው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ፣ መቀመጫው የሚዞር፣ ስክሪኑ ግን ትንሽ የሆነውን ነው። ከእርሱ በላይ ያለውን ያልወሰድነው በዋጋው ብቻ ሳይሆን፣ አንዲት ሴንሰር ስትበላሽ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣው መካኒክ ከአዲስ አበባ ስለሚጠበቅና የእርሻ ጊዜያችን ያን ያህል ስለማይታገሥ ነው። ውሉ ላይ ሁለት ነገር አስጨመርሁ፤ አንደኛው ሻጩ ሾፌሮቻችንን በራሳችን እርጥብ ማሳ ላይ እንዲያሠለጥን፣ ሁለተኛው የናፍጣና የጋቢና አየር ፊልትሮዎች ለአንድ ዓመት የሚበቁ ሆነው ከትራክተሩ ጋር እንዲመጡ ነው።