ሻይ ነበራችሁ?

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ! መልካም 2018።

ሌላ ዓመት ቢሆን የበግ ዋጋ አማርሬ፣ የአደይ አበባ ፎቶ ለጥፌ ወደ ቡናዬ እሄድ ነበር። ዘንድሮ እጄ እምቢ አለኝ። እትዬ የሌሉበት የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ነው። መጋቢት ላይ፣ መታመማቸውን ለማንም ሳይናገሩ ሄዱ።

አብዛኞቻችሁ አታውቋቸውም። የግቢያችን ሰው ናቸው፤ የአንድ ወታደር እናት። ልጃቸው መጋቢት 1991 ፆረና ላይ ሲሞት ሃያ ዓመት አልሞላውም።

እኔ ግን ወታደርነቱ አይታየኝም። የሚታየኝ ጳጉሜን ሙሉ ተደፍቶ ሲስል ነው። እሱ በእርሳስ ይነድፋል፣ እኔ ቀለም እቀባለሁ። መስከረም 1 ማለዳ ሥዕሎቻችንን ይዘን ቤት ለቤት እንዞራለን። ሳንቲሙን የሚያካፍለው እሱ ነው፤ ለእኔ አንድ እጅ፣ ለእሱ ሁለት እጅ። (ሌባ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።) ፀሐይ ሲስል ደግሞ ቅንድብ ያበጅላታል።

"ፀሐይ ቅንድብ አላት እንዴ?" ስለው፣

"ታዲያ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ይግባ?" ይለኛል።

ማትሪክ አልመጣለትም። ግንቦት 1990 ባድመ ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ተመዘገበ፤ ብር ሸለቆ ሠልጥኖ ዘመተ። መርዶው የመጣው ታኅሣሥ 1993 የሰላሙ ስምምነት አልጄርስ ላይ ተፈርሞ፣ የተረፈው ሁሉ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። እስከዚያ እትዬ ማታ የግቢውን በር ስንቀረቅር ይቆጡን ነበር።

አንድ ጓደኛው አንድ እግሩን እዚያው ትቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በየእንቁጣጣሹ አንድ ኪሎ ቡና ይዞ በክራንቹ ከተፍ ይላል። አንድም ዓመት አልቀረም። እትዬም በየዓመቱ ያችኑ ይጠይቁታል።

"የዚያን ዕለት ምን በላ?"

"ኮቾሮ በሻይ፣ እትዬ።"

"ሻይ ነበራችሁ?"

"ትኩስ!"

ይሄኔ ነጠላቸውን አስተካክለው ምሳ ያቀርባሉ።

መስከረም 1 ቀን 2011 ትዝ ይላችኋል? የዛላምበሳ መንገድ ተከፍቶ ሰው ሲተቃቀፍ በቴሌቪዥን አብረን አየን። ግቢው ሁሉ አለቀሰ። እትዬ ግን አላለቀሱም። "ከዚያ ፆረና ስንት ሰዓት ያስኬዳል?" አሉ። በማግስቱ ሸራ ጫማ ገዙ። አንድ ጭብጥ አፈር ላመጣ ነው አሉ። እኛ፣ በተለይ እኔ፣ "መስቀል ይለፍ፣ ገና ይለፍ" እያልን አዘገየናቸው። መንገዱ በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ። ጥቅምት 2013 ደግሞ ትግራይ ውስጥ ሌላ ጦርነት ተነሳ። ጫማው ዘንድሮ ከነካርቶኑ አልጋቸው ሥር ተገኘ።

ለቅሶው ላይ ጓደኛው ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደኝ።

"ሻይ አልነበረንም" አለኝ። "ኮዳችን ከደረቀ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ኮቾሮውን መዋጥ ቢያቅተው ኪሱ መለሰው።"

ከሃያ ዓመት በላይ ያንን ሻይ ለብቻው ተሸክሞ ኖሯል።

ስለዚህ የዘንድሮ ምስጋናዬ መጀመሪያ ለእሱ ነው፤ ስለ ሻዩ። ቀጥሎ እናቷን እትዬን አንድ ሌሊት ብቻቸውን ላላሳደረችው እህቱ። ማታ ከሥራ ስትመለስ ግፊታቸውን ለክታ፣ ስለ ገንዘብ ሲነሳ የምትቆጣውን የሰፈራችንን ነርስም እግዜር ያክብርልኝ።

ማዶ ላላችሁ፣ በ1995 ዓ.ም. የ19 ሺህ ልጆች መርዶ ለተነገረባችሁ እናቶችም፣ እንኳን ለቅዱስ ዮሐንስ አደረሳችሁ።

ስልክህ ላይ ተቀምጠህ "ሳምንት አይፈጅብንም" እያልክ ለምትፎክረው ወዳጄም እንኳን አደረሰህ። ስለ ባሕር በርና ስለ ጦርነት የምትጽፈውን ሁሉ አነባለሁ። ልጅህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መግባቱንም ለጥፈህ አየሁ። ቁመቱ አንተን አልፏል። ያሳድግልህ።

ቅንድባሟ ፀሐይ የእትዬ ግድግዳ ላይ አሁንም አለች፤ ቢጫዋ የኔ ነው፣ ከመስመር ወጥቷል። እህቱ ዶሮውን ከእሳት አውጥታለች። ጓደኛው አሁን ደወለ፤ ቡናውን ይዞ ታክሲ ውስጥ ነው። እኔ ሻይ ጥጃለሁ።