አሮጌ ቪትዝን ከላፕቶፕ ማገናኘት፦ እስካሁን የደረስኩበት

እ.ኤ.አ. በ2001 ለጃፓን ገበያ የተሠራችው ቪትዜ የሞተር ኮምፒውተር በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ለላፕቶፔ መልስ ሰጠ። የመጣው መልስ አጭር ነው፤ የሞተሩ ውኃ ሙቀት 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን የሚናገር ሦስት ጥንድ ቁጥር ብቻ። ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ «መገናኘት አልተቻለም» ከሚል መልእክት በቀር ምንም ሳላይ ስለቆየሁ፣ እነዚያ ቁጥሮች ትልቅ ደስታ ሰጥተውኛል። ብዙዎቻችሁም የምትነዱት ወይም የምትጠግኑት ከዚህች ያልራቀ መኪና ስለሆነ፣ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። ቶዮታ በዚያ ዘመን ለጃፓን በሠራቸው መኪኖች ላይ የብልሽት ኮድ ለማንበብ ላፕቶፕ የግድ አያስፈልግም። ከዳሽቦርዱ ሥር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ የምርመራ ሶኬት ላይ 13ኛውንና 4ኛውን ቀዳዳ በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን መክፈት ይበቃል፤ የቼክ ኢንጅን መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ባለ ሁለት አሃዝ ኮድ ይቆጥራል። ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ከበራና ከጠፋ የተመዘገበ ብልሽት የለም ማለት ነው። ሁለት ጊዜ በርቶ፣ ትንሽ አርፎ፣ አንድ ጊዜ ከደገመ ኮዱ 21 ነው፤ ይህም የኦክስጅን ሴንሰሩን መስመር ያመለክታል። 22 የውኃ ሙቀት ሴንሰር፣ 41 ደግሞ የስሮትል (የአየር መግቢያው ክዳን) ሴንሰር ነው። ከዚያ ቀደም ባሉት ቶዮታዎች ላይ ይኸው ሥራ በኮፈኑ ሥር ባለው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን በማገናኘት ይከናወናል። አንድ ሰው ላፕቶፕ ከመክፈቱ በፊት ይህን ዘዴ ጠንቅቆ ሊያውቅ እንደሚገባ አጥብቄ አምናለሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ አይዋሽምም።

ኮዱ ግን የታመመውን መስመር እንጂ ሴንሰሩ በዚህች ደቂቃ ምን እያለ እንደሆነ አይናገርም። የእኔ መኪና ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) ላይ ስትቆም የምትንቀጠቀጥ ሆና ሳለ ምንም ኮድ አልመዘገበችም፤ ወደ ላፕቶፑ ያመራሁትም በዚህ ምክንያት ነው።

አሜሪካ ኦቢዲ-2 የተባለውን የመኪና ምርመራ ሥርዓት ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ ግዴታ አድርገዋል። ለእነዚህ ገበያዎች በተሠራ መኪና ላይ የሶኬቱ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውና መልሱም በደንብ የተወሰነ ነው። ለጃፓን የተሠራውን መኪና ግን የሁለቱም ሕግ አይመለከተውም ነበር፤ ስለዚህ ሶኬቱ ያው ሆኖ ሳለ የመገናኛው ሥርዓት ሌላ ሊሆን ይችላል። ያችው መኪና ለአውሮፓ ስትሠራ ያሪስ ስለምትባል፣ ቪትዝ የሚል ስም የያዘች ሁሉ ከዚህ ችግር ጋር ልትገናኝ እንደምትችል አስቀድሞ መጠርጠር ይገባል። የእኔዋ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረላት ስለሆነች ሶኬቱ ከመቀመጫው ወጥቶ ከዳሽቦርዱ ኋላ ተንጠልጥሎ ነው ያገኘሁት፤ እንዲህ ያለ ሶኬት ሲገኝ ከሁሉ በፊት 16ኛው ቀዳዳ ላይ የባትሪ ቮልቴጅ መኖሩን፣ 4ኛውና 5ኛው ደግሞ ከቦዲው ጋር መገናኘታቸውን በቴስተር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አሁን ብዙ ጊዜዬን ወደወሰደው ጉዳይ ልግባ፤ ይኸውም ጥሪው ነው። በ7ኛው ቀዳዳ የሚያልፈው ኬ-ላይን የሚባለው ሽቦ፣ ማንም በማይናገርበት ጊዜ ወደ 12 ቮልት ተስቦ ይቆያል፤ መናገር የሚፈልገው ወገን ወደ ዜሮ እየጎተተ ይናገርበታል። አይኤስኦ 9141-2 በተባለው ደንብ መሠረት ላፕቶፑን ከሶኬቱ ጋር የሚያገናኘው አንባቢ መሣሪያ የሞተሩን ኮምፒውተር የሚጠራው በሰከንድ 5 ቢት በሆነ እጅግ ዝግ ያለ ፍጥነት አድራሻውን በመላክ ነው። አድራሻው በሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት) አቆጣጠር 33 ነው፤ መነሻና ማብቂያ ቢት ሲታከልበት 10 ቢት ስለሚሆን ጥሪው በትክክል 2 ሰከንድ ይፈጃል። ኮምፒውተሩ ከሰማ 55 ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ ወዲያ ንግግሩ በሰከንድ 10,400 ቢት ይቀጥላል። የእኔ ቪትዝ ግን 33 ተብላ ስትጠራ ዝም ትላለች፤ የምትመልሰው 13 ለሚለው አድራሻ ሲሆን፣ ፍጥነቷም 9,600 ነው።

ይህን ማወቅ ብቻውን አልበቃም፤ ምክንያቱም በገበያ ላይ የሚገኙት ርካሽ አንባቢዎች አብዛኞቹ የታዘዙትን አይፈጽሙም። ኢኤልኤም 327 የተባለውን ቺፕ የሠራው የካናዳው ኤልም ኤሌክትሮኒክስ ነበር፤ የመጀመሪያው እትም ከቅጂ ጥበቃ ሳይደረግለት በመውጣቱ ተገልብጦ ዓለምን አጥለቀለቀ፣ ኩባንያውም በ2022 ሥራውን አቆመ። ብዙዎቹ ቅጂዎች «እትም 1.5» የሚል ጽሑፍ ይዘው ይሸጣሉ፤ ዋናው አምራች ግን በዚህ ቁጥር ያወጣው እትም የለም። ከነዚህ መካከል አንዳንዱ የአድራሻ መቀየሪያውን ትእዛዝ ሲቀበል የጥያቄ ምልክት ይመልሳል፤ ይህ ቢያንስ ሐቀኛ ነው። የከፋው «እሺ» ብሎ መልሶ ምንም ሳይቀይር በ33 የሚጠራው ነው፤ ከእንዲህ ያለው ጋር የሚሠራ ሰው ጥፋቱን በመኪናው፣ በሽቦው ወይም በሶፍትዌሩ ላይ ሲፈልግ ይኖራል።

መፍትሔ የሆነኝ መሣሪያ አንዲት ኤልኢዲ መብራትና ባለ 2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ናቸው። የመብራቷን ፖዘቲቭ እግር በሬዚስተሩ በኩል ከ16ኛው ቀዳዳ፣ ኔጋቲቩን ከ7ኛው ቀዳዳ ሽቦ ጋር ከሶኬቱ ጀርባ አገናኘሁ። 16ኛው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው ስለሆነ ባዶ ሽቦው ቦዲ እንዳይነካ መሸፈን ግዴታ ነው፤ ከነካ ፊዩዙ ይቃጠላል። ኬ-ላይኑ 12 ቮልት ላይ ሲሆን መብራቷ ጠፍታ ትቆያለች፣ አንባቢው ወደ ዜሮ ሲጎትተው ትበራለች። ጥሪው በጣም ዝግ ያለ ስለሆነ እያንዳንዱ ቢት አንድ አምስተኛ ሰከንድ ይቆያል፣ ስለዚህም አድራሻውን በዓይን ማንበብ ይቻላል። 33 ሲላክ መብራቷ አንድ ጊዜ በአጭሩ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ እኩል በሆነ ረዘም ያለ ጊዜ ትበራለች። 13 ሲላክ ግን አጭር፣ ረዘም ያለ፣ በመጨረሻም ከሁሉ የረዘመ ይሆናል። ልዩነቱ ከመጨረሻው ብርሃን በፊት ባለው ክፍተትም ይታወቃል፤ በ13 ላይ ክፍተቱ ግማሽ ያህል ነው። ጨርሶ ካልበራች፣ ወይም የስህተት መልእክቱ 2 ሰከንድ ሳይሞላ ከመጣ፣ አንባቢው በዝግታ መጥራትን አያውቅም ማለት ነውና መኪናውን መክሰስ አይገባም። በዚህ ፈተና በእጄ ከነበሩት ውስጥ የትኛው እንደሚጠራና የትኛው እንደሚያስመስል ለየሁ፤ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ውድ ሶፍትዌር ይህችን መብራት አስቀድማለሁ።

ትክክለኛው አንባቢ ከተገኘ በኋላ ፑቲ በተባለው ተርሚናል ትእዛዞቹን በእጄ ጻፍኩ። በላቲን ፊደል የሚተየቡ ሲሆን እዚህ እንደሚነበቡ አስቀምጣቸዋለሁ፦ በመጀመሪያ ኤቲ-ዜድ ለማደስ፣ ኤቲ-አይቢ 96 ፍጥነቱን 9,600 ለማድረግ፣ ኤቲ-አይአይኤ 13 አድራሻውን ለመቀየር፣ ኤቲ-ኤስኤች 81 13 ኤፍ1 ለመልእክቱ ራስጌ፣ ኤቲ-ኤስፒ ኤ4 ለፕሮቶኮሉ፣ ኤቲ-ኤስደብልዩ 00 ደግሞ አንባቢው በራሱ የሚልከውን የማንቂያ መልእክት ለማስቆም። ከዚያ ኮምፒውተሩ የትኞቹን ንባቦች እንደሚሰጥ የሚጠይቀው 0100 ሲጻፍ መብራቷ ጥሪውን አሳየች፣ ወዲያው በፍጥነት ተርገበገበች፣ መልሱም መጣ። የማንቂያ መልእክቱ ስለቆመ 5 ሰከንድ ያህል ሳይጠየቅ ከቆየ ግንኙነቱ ስለሚቋረጥ፣ ጥያቄን ማከታተል ያስፈልጋል። በገመድ አልባ አንባቢ ይህን ሁሉ መሞከር አልመክርም፤ ችግሩ ከመኪናው ይሁን ከብሉቱዙ መለየት ስለሚያስቸግር፣ ለመማር የዩኤስቢ ገመድ የተሻለ ነው።

የንባቡን ትክክለኛነት ለመመዘን ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ማንበብ ጥሩ ዘዴ ነው። የውኃ ሙቀት መጠየቂያ የሆነውን 0105 ስጠይቅ የመጣው 41 05 37 ነው፤ በሄክሳዴሲማል 37 ማለት 55 ስለሆነ፣ 40 ሲቀነስለት 15 ዲግሪ ይሆናል። የሚገባው አየር ሙቀትም ከዚህ ጋር ሲቀራረብ ሁለቱን ሴንሰሮች በአንድ ጊዜ መመርመር ይቻላል። ማፕ ሴንሰር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካ) ያለው መኪና ላይ ሞተሩ ሳይነሳ 010ቢ መጠየቅ የአካባቢውን የአየር ግፊት ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች 4ዲ፣ ማለትም 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ መምጣት አለበት። በባሕር ጠረፍ ከተማ ለተጻፈ መመሪያ ትክክሉ 101 ነው፤ ይህን ሳያገናዝብ 77 ሲያይ ሴንሰር የሚያስቀይር ሰው ያለ ጥፋቱ የከሰረ ነው። ኮድ 21 በታየ ቁጥር የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ የኦክስጅን ሴንሰር መግዛትንም በዚሁ ምክንያት እቃወማለሁ፤ ኮዱ የሚጠቁመው መስመሩን ነው፣ መስመር ማለት ደግሞ ሽቦው፣ ሶኬቱና ፊዩዙም ጭምር ነው።

የሚኒሞው መንቀጥቀጥ እስካሁን አልተፈታም፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ንባቡ ራሱ ጥገና የሆነ ሊመስል ይችላል። የሙቀት ንባቦቹ ጤናማ ስለሆኑ ቀጣዩ ሥራዬ የስሮትሉን ቤት ማጽዳትና ካንዴላዎቹን ማየት ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚቆጣጠረው የኤቢኤስ ኮምፒውተር ለየትኛውም ያየሁት አድራሻ አልመለሰልኝም። ቻሲሷ ኤስሲፒ10 በሆነች ቪትዝ ላይ መልስ ያገኘ ካለ፣ የተጠቀመበትን አድራሻና ፍጥነት፣ የመኪናዋን የምርት ዓመትም ጨምሮ ቢያካፍለን እጅግ ይጠቅመናል።