ድንኳን ያልተተከለበት ምርጫ

መንዝ ውስጥ በማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ የቆየ ሰው የአውራ በግ ምርጫ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ከተጀመረ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም፤ የስድስት ወር ክብደታቸው የተመዘገበ ጠቦቶች ለዘር የሚሆኑት እንዲለዩ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፣ የመጨረሻውን ቃል ግን የሚሰጠው የአርቢዎቹ ኮሚቴ ነው። እኔ በነበርሁበት አንድ የምርጫ ቀን ላይ አንድ የበላይ መሥሪያ ቤት ድንኳን፣ ጄኔሬተር፣ ዲጂታል ሚዛንና እንግዶች እልካለሁ ብሎን ነበር። በመጀመሪያ ጣርማ በር ላይ ጉም ይዟቸዋል ተባለ፤ ቀጥሎ ነዳጅ ጠፋ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ስልክ የሚያነሣም አልተገኘ።

አርቢዎቹ በጎቻቸውን ነድተው የደረሱት በማለዳ ነው። በእጃችን የነበረው አሮጌ ተንጠልጣይ ሚዛንና የመዝገብ ደብተር ብቻ ስለሆነ ሚዛኑን ባሕር ዛፍ ላይ ሰቀልነው። እኔ ግን ዓይኔን ከመንገዱ ማንሣት አልቻልሁም። ከኮሚቴው አንድ ሽማግሌ ይህን አይተው፣ «ልጄ፣ በጉም መጥቷል፣ ባለበጉም መጥቷል፤ የቀረብን ማን ነው?» አሉኝ።

«እንግዶቹ ናቸው፣ አባባ።»

«እነሱ ሲደርሱ ጠላ እንቀዳላቸዋለን። ምርጫውን ለምን እናቆመዋለን?» ብለው ወደ በጎቹ አለፉ።

ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ በልቤ አለ፤ የቀኑን ጭንቀት ከላዬ ያነሣልኝ እሱ ነውና። ከዚያ በኋላ መንገዱን ትቼ የሽማግሌውን እጅ መከተል ጀመርሁ። ጣታቸውን በሻካራው ጠጉር ውስጥ አስገብተው ጀርባውን ይዳስሳሉ፣ ላቱን በመዳፋቸው ያነሣሉ፣ ቆለጡን ይፈትሻሉ። በሚዛን አንደኛ የወጣውን ጠቦት ከዳሰሱ በኋላ፣ «እናቱ የማን ናት?» ብለው ጠየቁ። ባለቤቱ ሲነግራቸው በክረምት ግልገል የማታሳድግ በግ መሆኗን አስታወሱና ጠቦቱን ወደ ዳር አስወጡት። ደብተሩን ገልጬ ብመለከት የሞቱት ግልገሎቿ በራሴ እጅ ጽሑፍ ተመዝግበው አገኘኋቸው።

ምሳችን የገብስ ዳቦና ቆሎ ነበር። በድንጋይ ካቡ ላይ ከአርቢዎቹ መካከል ተቀምጬ የእያንዳንዱን በግ የዘር ሐረግ ሲከራከሩበት ስሰማ፣ ከታቀደልን ሁሉ አንድም የጎደለብኝ ነገር እንደሌለ ተሰማኝ፤ በዚህ ሥራ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የዋልሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በቀጣዩ ዕቅድ ለድንኳንና ለእንግዳ መስተንግዶ የተያዘው ገንዘብ በጎቹን ለሚለይ የጆሮ ቁጥርና ለሁለተኛ ተንጠልጣይ ሚዛን እንዲውል በጽሑፍ ጠይቄአለሁ፤ የኮሚቴው ፊርማም ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል።