ሦስት ወር የፈጀብኝ የመንኮራኩር ክፍል

ባለፈው ሳምንት የ60 ደቂቃ የዮጋ ክፍሌን በሰዓቱ ጨረስሁ። ለሳቫሳና፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ለሚደረገው የመጨረሻ ዕረፍት፣ ሙሉ ሰባት ደቂቃ ተርፎኝ ነበር፤ ከዚያም በላይ ደስ ያሰኘኝ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ በተለምዶ መንኮራኩር ወደምንለው ኡርድቫ ዳኑራሳና፣ እጅና እግር ወለል ላይ ተተክለው ሰውነት እንደ ቅስት ወደሚነሣበት አቋም፣ ያለ ብዙ ትግል ሲነሡ ማየቴ ነው። ማስተማር ከጀመርሁ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶታል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን ለክፍል ቅደም ተከተል ማውጣት ማለት የምወዳቸውን አቋሞች በወረቀት ላይ መደርደር ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ከመምህሮቼ የቀዳሁትን እንዳለ እደግም ነበር፤ በዚህም አላፍርም። ሕንዳዊው መምህር ፓታቢ ጆይስ ያስፋፉት አሽታንጋ ቪንያሳ የተባለው የዮጋ ዓይነት ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ፣ መምህሩ ከዚህ በኋላ ምን ላስከትል ብሎ አይጨነቅም፤ ተማሪውም ትናንት ያቃተውን አቋም ዛሬ በዚያው ቦታ ያገኘዋል። ጀማሪ መምህር ሁሉ ቢያንስ ጥቂት ወራት በተዘጋጀ ቅደም ተከተል ቢያስተምር ይሻለዋል ባይ ነኝ። እኔ ግን ቸኩዬ የራሴን ማውጣት ጀመርሁ፤ የመጀመሪያ ምርጫዬም መንኮራኩሩ ሆነ።

ስሕተቴ ቀላል ነበር። መንኮራኩር ጀርባን ወደ ኋላ የሚያጥፍ አቋም ስለሆነ፣ ማዘጋጃውም ጀርባን ደጋግሞ ወደ ኋላ ማጠፍ ነው ብዬ እባቡን፣ አንበጣውን፣ ግመሉን የተባሉትን አቋሞች አከታትዬ ደረደርሁ። ተማሪዎቼ ዋናው አቋም ጋ ሲደርሱ ወገባቸው ደክሟል፤ ሲነሡ ክርናቸው ወደ ውጭ ይከፈታል፣ እግራቸው እንደ ዳክዬ እግር ወደ ጎን ይዞራል፣ አንዳንዶቹም ከአናታቸው ሳይላቀቁ ይቀራሉ። እኔም ጀርባቸው ገና አልተፍታታም እያልሁ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ የጀርባ አቋም እጨምር ነበር። እንዲህ እያልሁ ሁለት ወር አለፈ።

ዓይኔን የገለጠልኝ ወለል ላይ ያደረግሁት ትንሽ ሙከራ ነው። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቶቼን አጥፌ፣ ወገቤን ወለሉ ላይ እንዳስደገፍሁ ክንዶቼን ቀጥ አድርጌ ወደ ራስጌ ዘረጋሁ። አውራ ጣቶቼ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ርቀው ቆሙ። ወለሉን ላስነካቸው ስሞክር የጎድን አጥንቶቼ ወደ ላይ ተገፉ፣ ወገቤም ከወለሉ ለቀቀ። ትከሻዬ የነፈገኝን ወገቤ እየከፈለልኝ ኖሯል። ከዚያ በኋላ አቋሙን እንደ ሰዓት ፈታትቼ ጻፍሁት፤ ትከሻ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ መዘርጋት፣ የእጅ አንጓ ወደ 90 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ፣ የጭንና የዳሌ ፊት መከፈት፣ የላይኛው ጀርባ መለጠጥ አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሸክሙ ብዙ ጊዜ ወገብ ላይ ይወድቃል።

አሁን ክፍሉን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየሄድሁ ነው የማዘጋጀው። ሦስት ዙር ሱሪያ ናማስካራ (የፀሐይ ሰላምታ የሚባለው ተከታታይ እንቅስቃሴ) ሰውነትን ካሞቀ በኋላ፣ በአንጃኔያሳና፣ አንዱን እግር ወደ ፊት አጥፎ የሌላውን ጉልበት ወደ ኋላ ወለል ላይ በማሳረፍ፣ የኋላው እግር የጭን ፊት እንዲከፈት ረጅም ጊዜ እሰጣለሁ። ቀጥሎ ተማሪዎቹ ተንበርክከው ክርናቸውን ብሎክ (ጡብ የሚያህል መደገፊያ) ላይ አድርገው ደረታቸውን ወደ ወለሉ ያወርዳሉ፤ በዚህ ጊዜ የብብታቸው ሥር ሲሳብ ፊታቸው ላይ ይታያል። ከዚያ ድልድይ (በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሣት) ሁለት ጊዜ፣ በመጨረሻም መንኮራኩር። ክርኑ ለሚከፈትበት ሰው ቀበቶ በትከሻ ስፋት ልክ ቋጥሬ ከክርኑ በላይ አስገባለታለሁ። በመሣሪያ መጠቀም የደካማ ነው የሚሉ መምህራን አሉ፤ ሕንዳዊው የዮጋ መምህር አይንጋር ገመድን፣ ቀበቶንና ብሎክን ለትምህርት መሣሪያነት ያበቁት ተማሪው አቋሙን በትክክል እንዲያገኘው ነው እንጂ እንዲሰንፍ አይደለም። የእጅ አንጓ ጉዳት ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው በድልድዩ ይቆያል፤ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ከመንኮራኩሩ ወርዶ ወዲያውኑ በኃይል ወደ ፊት መታጠፍንም ትቻለሁ። እግርን ወለል ላይ አኑሮ፣ ጉልበትን አስደግፎ ጥቂት መተንፈስ፣ ከዚያ በዝግታ መጠማዘዝ ለወገቤ የበለጠ ተስማምቶታል፤ ተማሪዎቼም ተመሳሳይ ነገር ነግረውኛል።

ስለ ሰዓት አያያዝ ምክር ልሰጥ ባልደፍርም የደረሰብኝን ልናገር። እያንዳንዱን አቋም በአምስት ትንፋሽ፣ ማለትም በግማሽ ደቂቃ ገደማ እያሰላሁ ወረቀቴ ላይ ሁሉም ይበቃል ይለኝ ነበር። መግቢያውን፣ መውጫውን፣ እኔ የማወራውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ግራው ጎን መኖሩን አልቆጠርሁም ነበር። ቀኙን አብራርቼ ስጨርስ ሰዓቱ ይሄድና ግራውን አጣድፈዋለሁ፤ የቀረውን ደግሞ ከሳቫሳና እሰርቃለሁ። አንድ ቀንማ ግራውን ጨርሶ ረስቼው፣ ተማሪዎቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ነው ትዝ ያለኝ፤ ማንም ግን አልተናገረኝም። አሁን አስቀድሜ ምንጣፌ ላይ ሆኜ፣ ጮክ ብዬ እየተናገርሁ፣ ክፍሉን ከነግራው እሠራውና ከ60 ደቂቃ ካለፈ አንድ አቋም እሰርዛለሁ። የምሰርዘው ብዙውን ጊዜ እጅግ የምወደውን መሆኑ እስካሁን ያናድደኛል።

ፊት ለፊት ቆሜ ሳሳይ ግን ቀኝና ግራን አሁንም አምታታለሁ፤ ለዚህ መፍትሔ ያገኘ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። ቀጣዩ ክፍሌ ለአርዳ ቻንድራሳና፣ በአንድ እግር ለሚቆምበት የግማሽ ጨረቃ አቋም፣ ነው። ወረቀቱ ላይ እስካሁን ያለው፣ ዳሌ ወደ ጎን ከተከፈተበት አቋም እንጂ ወደ ፊት ከዞረበት አቋም አታስገባቸው የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።