ሳልጠይቅ የፈረምኩት

በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ሰው ይደውልና «ኤልፒኤን ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ይለኛል። ኤልፒኤን አሜሪካ ውስጥ ከሙሉ ነርስ አንድ ደረጃ ዝቅ የሚል የነርስ ሙያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም ያቆሙኛል። ልቅሶ ቤት ቁጭ ብዬም ተጠይቄ አውቃለሁ። ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው መተረክ ስለሰለቸኝ እዚህ ላስቀምጠው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

በ2014 በዲቪ ሜሪላንድ ገባሁ። ደሴ አስተማሪ ነበርኩ። እዚህ አንድ ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆንኩ። ከዚያ እንደ ብዙው አበሻ ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳትነት፣ ተማርኩ። ሜሪላንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ለመሥራት ጂኤንኤ፣ የአረጋውያን ነርስ ረዳት፣ መሆንም ያስፈልጋል፤ እሱንም ጨረስኩ። ሦስት ዓመት አረጋውያንን አጠብኩ፣ አበላሁ፣ አገላበጥኩ። ወገቤ ማስቸገር ሲጀምር ዓይኔ መድኃኒት በጋሪ እየገፋች የምታድለው ነርስ ላይ አረፈ። እሷ ኤልፒኤን ናት። በሲኤንኤ እና በአርኤን (ሙሉ ነርስ) መሃል ያለች ማለት ነው። ትምህርቱ አንድ ዓመት ገደማ ነው። ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ኤልቪኤን ይሉታል እንጂ ሥራው ያው ነው።

አሁን ወደሚያናድደው ልግባ።

በ2018 አንድ የግል ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። መዝጋቢው አበሻ ነው። ሻይ አቀረበልኝ። «እህቴ» እያለ ያወራኛል። እኔም አገሬን ያገኘሁ መስሎኝ ልቤ ረጋ። «ቦርዱ ያውቃችኋል ወይ?» አልኩት። «እንዴታ! የሜሪላንድ ነርሲንግ ቦርድ ያጸደቀን ነን» አለና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት አሳየኝ። እውነቱን ነው፤ አልዋሸኝም። «ከዚያ ወደ አርኤን መቀጠል እችላለሁ?» አልኩት። «ምን ችግር አለው? ብሪጅ የሚባል አለ፤ ኤልፒኤን ሆነሽ እየሠራሽ በአንድ ዓመት ትጨርሻለሽ» አለኝ። ይህም ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ዛሬም ድረስ የሚያበሽቀኝ ይኸው ነው። ሰውየውን «ዋሸኸኝ» ብዬ እንዳልጮህበት እንኳን አመቻችቶ ነው የተናገረው።

ያልጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነበር። «እዚህ የምማረው በክሬዲት ነው ወይስ በሰዓት የሚቆጠር ነው?» አስተማሪ የነበርኩ ሰው! ስለ ትምህርት ማስረጃ ሌላውን ስመክር የኖርኩ ሰው!

ለማታውቁ ላስረዳ። የነርሲንግ ቦርድ አንድን ትምህርት ቤት አጸደቀ ማለት፣ ተመራቂዎቹ የፈቃድ ፈተናው ላይ መቀመጥ ይችላሉ ማለት ነው። በቃ። ኮሌጆች ትምህርቱን ይቀበሉታል ማለት አይደለም። ያ ሌላ እውቅና ነው፣ ሌላ አካል የሚሰጠው። ብዙዎቹ የሙያ ትምህርት ቤቶች አናቶሚውንም ፋርማኮሎጂውንም በሰዓት ይቆጥሩታል። ይህን ያህል መቶ ሰዓት ክፍል፣ ይህን ያህል መቶ ሰዓት ክሊኒካል (ታካሚ ጋ የሚደረግ ልምምድ)፣ ከዚያ ሰርተፍኬት። ኮሌጅ ደግሞ የሚያውቀው ክሬዲት ነው። ሁለቱ አይነጋገሩም።

እኔ ይህን ሳላውቅ ፈረምኩ። ወደ 19 ሺህ ዶላር። ግማሹን ያጠራቀምኩት፣ ግማሹን በየወሩ የሚከፈል።

በዚያው ሰሞን አንዲት ጓደኛዬ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ) ገብታ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አናቶሚ አንድና ሁለት እያለች አንድ አንድ ኮርስ ትወስድ ነበር። «አንቺማ እዚያው ታረጃለሽ» ብዬ ሳቅሁባት። እናቷ ስልክ ላይ ሰምተውኝ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ። ስለ እሷ የተናገሩ መስሎኝ ነበር።

ትምህርቱ ራሱ ደህና ነበር። ኢንስትራክተሮቹ ጎበዞች ናቸው። ፈተናውን በዲሴምበር 2019 ወሰድኩ። ክፍያው 200 ዶላር ነበር። ያኔ ጥያቄው ከ85 እስከ 205 ይደርሳል፤ የእኔ ኮምፒውተር 85ኛው ላይ ድርግም አለ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። አልፌ ነበር። (ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ፈተናው ተቀይሯል፣ ጣሪያው 150 ነው። የድሮ ጥያቄ ባንክ የሚሸጥላችሁን ሰው አትስሙ።)

ከዚያ ሥራ። ሆስፒታል እገባለሁ ብዬ ነበር። አሥራ አንድ ማመልከቻ አስገባሁ። ሁለቱ ብቻ መለሱልኝ፣ ሁለቱም «አርኤን ብቻ» አሉ። በኋላ ነው ታሪኩን የተረዳሁት። በ2010 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት «በ2020 ከአርኤኖች 80 በመቶው የባችለር ዲግሪ ይኑራቸው» ብሎ ሐሳብ ካቀረበ ጀምሮ ሆስፒታሎች ወደ ላይ ወደ ላይ ነበር የሚያዩት። ኤልፒኤን ወደ ነርሲንግ ሆም ተገፋች። ከሦስት ኤልፒኤን ከአንዷ በላይ የምትሠራው እዚያ ነው። እኔም ወደማውቀው ቤት ተመለስኩ፤ አሁን ግን ጋሪውን እየገፋሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ኮቪድ መጣ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። አንድ ክንፍ ላይ ከማውቃቸው ሰዎች ስንቱን እንደሸኘሁ እኔና እግዚአብሔር እናውቃለን።

ገንዘቡ ግን ያበደው ያኔ ነው። በሰዓት 26 ዶላር ስሠራ ነበር። በ2021 ኤጀንሲ፣ ነርስ ለጎደለበት ቤት ሁሉ ነርስ የሚልክ ድርጅት፣ ስገባ 45 ሆነ። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም በነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ስላሉ በአንድ ፈቃድ ሁለቱም ጋ እሠራለሁ። ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ። ዲሲ ያኔ ስምምነቱ ውስጥ ስላልነበረች ድልድዩን መሻገር ሌላ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ሰው ሁሉ ይህ ዘመን የማያልፍ መስሎት መኪና ገዛ። እኔም ገዛሁ። በ2023 ያው ኤጀንሲ 34 ዶላር አለኝ። ሺፍቱም በቴክስት ይሰረዛል፣ ሥራ ልሄድ ጫማዬን ካሰርኩ በኋላ።

ያን ዓመት ነው «በቃ፣ አርኤኑን ልጨርስ» ብዬ ኮሌጅ የሄድኩት።

አማካሪዋ ትራንስክሪፕቴን (የትምህርት ውጤት ማስረጃዬን) አገላብጣ አየች። መልሳ አየች። መነጽሯን አወለቀች። «እዚህ ላይ ክሬዲት የሚባል ነገር የለም» አለችኝ። የ19 ሺህ ዶላር ትምህርት ዜሮ ክሬዲት። ፈቃዴ ዋጋ አለው፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ከገባሁ የመጀመሪያውን የነርሲንግ ኮርስ ያዘልለኛል። ለመግባት ግን አናቶሚ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይኮሎጂ። ልክ ያቺ የሳቅሁባት ጓደኛዬ በ2018 የጀመረችበት ቦታ። እሷ በዚያን ጊዜ ሆስፒታል አርኤን ሆና ሁለት ዓመት ሞልቷታል።

«ግን እኮ አናቶሚ ተምሬያለሁ፣ ቦርዱም ፈትኖኛል» አልኩ። ሴትየዋ በጣም ጨዋ ናት። «ይገባኛል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለቦርዱ ስልክ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አዳመጥኩ። ያነሳችው ልጅ «እኛ የምንመለከተው ፈቃድ ነው፣ ክሬዲት የኮሌጁ ጉዳይ ነው» አለችኝ። ወደ ትምህርት ቤቱ ደወልኩ። «ክሬዲት ይዛወራል ብለን በጽሑፍ አልሰጠንም» አሉ። ውሉን አውጥቼ አየሁት። ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ክሬዲት መቀበል የተቀባዩ ኮሌጅ ፈንታ ነው ይላል። ፊርማዬ ከስሩ አለ። ቆሽቴ አረረ። ሻይ የጋበዘኝን ሰው ልናደድበት ስል ፊርማዬ ፊት ለፊቴ ነው።

በዚሁ ላይ ሌላ ጣጣ ተጨመረ። በጃንዋሪ 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት የነርሲንግ ዲፕሎማ መሸጣቸው ይፋ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀጣሪ ሁሉ ጠርጣሪ ሆነ። አራት ዓመት የሠራሁበት ቤት «የታሸገ ትራንስክሪፕት አምጪ» አለኝ፣ የተማርኩት ሜሪላንድ ሆኖ ሳለ። በተመረቃችሁ ቀን ሁለት የታሸገ ኮፒ አውጡና ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። ትምህርት ቤት ይዘጋል።

እንግዲህ ልግባ ወይስ ይቅር ለሚለው የእኔን ልንገራችሁ። ማስታወቂያው «ኤልፒኤን ወደ አርኤን አቋራጭ ነው» ይላል። አይደለም። ልባችሁ አርኤን ላይ ከሆነ ቀጥታ ኮሚውኒቲ ኮሌጅ ግቡ፣ ሳይንሱን አንድ በአንድ ውሰዱ፣ በጎን በሲኤንኤ ሥሩ። ብዙ ኮሌጅ የቆየ ሳይንስ ስለማይቀበል ከጀመራችሁ አታቋርጡ። ዕድሜያችሁ ገፋ ካለ፣ ልጆች ካሉ፣ በአንድ ዓመት ገቢያችሁን ማሳደግ ብቻ ከፈለጋችሁ ግን ኤልፒኤን አያሳፍርም። በሜይ 2023 የመንግሥት መረጃ የኤልፒኤን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 59,730 ዶላር ነበር። የአርኤን 86,070። ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት፤ እኔ ብዙ ሌሊት አስልቼዋለሁ።

ሥራ የለም የሚሉትንም አትመኑ። ሥራው ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። አሲስትድ ሊቪንግ (ቀለል ያለ እርዳታ የሚሰጥ የአረጋውያን መኖሪያ) ውስጥ መድኃኒቱን አሁን ሜድቴክ፣ መድኃኒት ለማደል ብቻ የሠለጠነ ረዳት፣ ይሰጣል፣ የሚቆጣጠረው አርኤን ነው፤ ኤልፒኤን መሃል ላይ ትጠበባለች። ነርሲንግ ሆምም የራሱ ጣጣ አለው። በ2024 የፌዴራል መንግሥት ለአንድ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት እንክብካቤ ይሰጥ የሚል ደንብ አወጣ። ከዚያ 0.55ቱ የአርኤን፣ 2.45ቱ የረዳቶች። የኤልፒኤን ድርሻ ተብሎ የተጻፈ የለም፤ ቀሪዋ ፍርፋሪ ላይ ነው የምንቆጠረው። አለቃዬ «ኤልፒኤን እንቀንሳለን» ማለት ጀምራ ነበር። በኤፕሪል 2025 ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ዳኛ ደንቡን ሻረው፣ እሷም ዝም አለች። ሥራችን በዳኛ ፊርማ ይጠብቃል፣ ይላላል።

እኔ መተንፈሻ ያገኘሁት ማንም ባልመከረኝ ቦታ ነው። ቤት ውስጥ፣ በጉሮሮ ቱቦና በመተንፈሻ ማሽን የሚኖሩ ሕፃናት አሉ። ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ለእነሱ የቤት ነርስ ይከፍላል፣ ኤልፒኤንም ይቀበላሉ። ሰዎች «ማሽኑ ያስፈራል» ብለው ይሸሹታል። ያስፈራል፤ የመጀመሪያውን ወር ቱቦው ሲደፈን በሕልሜ እያየሁ እባንን ነበር። ግን አንድ ታካሚ ነው፣ ሠላሳ አይደለም። ወገቤ አረፈ። ሌሊት ልጁ ሲተኛ ማሽኑን እያዳመጥኩ አናቶሚ አንድን አለፍኩ። ሁለትንም።

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ልገዛ ገብቼ ያን መዝጋቢ አገኘሁት። ያው ፈገግታ። «እህቴ! አርኤኑ እንዴት ሆነ?» አለኝ።

«ማይክሮባዮሎጂ ላይ ነኝ» አልኩት።

«እንዴ፣ እስካሁን?» አለኝ።

እንጀራዬን ከፍዬ ወጣሁ።