የዕድሩ መዝገብ፣ ጉግል ሺትስ እና ጳጉሜን

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የብሎኮቻችን ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥኩ ስምንት ወራት ተቆጠሩ። ከቀድሞው ጸሐፊ የተረከብኩት ሦስት ወፍራም መዝገቦችን፣ አንድ ማኅተምንና የ187 አባላትን ስም ዝርዝር ሲሆን፣ ከርክክቡ በኋላ መዝገቡን በጉግል ሺትስ ወደተዘጋጀ ሰንጠረዥ ማዛወር ጀመርኩ። በየሰፈራችሁ የዕድር፣ የዕቁብ ወይም የማኅበር ጸሐፊ የሆናችሁ ወዳጆቼ ይህንኑ እያሰባችሁ እንደሆነ ስለነገራችሁኝ፣ የት የት ላይ እንደተሳሳትኩና ስህተቱን እንዴት እንዳረምኩ እጽፍላችኋለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አለመሆኔን አስቀድሜ ልናገር።

ጉግል ሺትስን የመረጥኩት ያለ ክፍያ ስለሚሠራ፣ በስልክም በኮምፒውተርም ስለሚከፈትና ገንዘብ ያዣችንም በእጃቸው ባለው ስልክ ሊያዩት ስለሚችሉ ነው። ቦታ ይጠበናል ብላችሁ አትስጉ። አንድ ፋይል እስከ 10 ሚሊዮን ሴል (የሰንጠረዥ ሳጥን) ይይዛል፤ የእኛ 187 አባላት በዓመት 12 ጊዜ ቢከፍሉ የሚመዘገበው 2,244 ረድፍ ነው፤ በስምንት ዓምድ ቢባዛ እንኳ 18 ሺህ ሴል አይሞላም። በዚህ ስሌት ፋይሉ ከ500 ዓመት በላይ ያገለግለናል፤ ዕድሩም ይህን ያህል ዕድሜ ይስጠው።

የመጀመሪያው ድካም ስም ማስገባት ነበር። መዝገቡን በስልክ ፎቶ አንስቼ፣ በጉግል ድራይቭ ላይ በሰነድ መልክ በመክፈት ጽሑፉ ተለይቶ እንዲወጣ ሞከርኩ፤ ለታተመ አማርኛ ደኅና ሲሆን በእጅ ለተጻፈው የቀድሞው ጸሐፊ ፊደል ግን አልበጀም። የተሻለው መንገድ አማርኛን በሚቀበለው የድምፅ መጻፊያ መጠቀም ሆኖ አገኘሁት፤ መዝገቡን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ በሦስት ምሽት ጨረስኩ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማኝ የሙታን ስም የምጠራ መስሏት ደንግጣ ነበር። የስልክ ቁጥር ሲገባ ደግሞ የመጀመሪያው ዜሮ ይጠፋል፤ ሰንጠረዡ በቁጥርነቱ እንጂ በስልክነቱ አያውቀውምና። ስለዚህ ቁጥሮቹን ከማስገባታችሁ በፊት ዓምዱን «ፕሌን ቴክስት» (ተራ ጽሑፍ) አድርጉት፤ በኋላ ብታደርጉት የጠፋው ዜሮ አይመለስም።

ከሁሉ ይልቅ ያደከመኝ ቀን ነው። ሰንጠረዤ በአሜሪካ ልማድ ተስተካክሎ ስለነበር፣ በእዝባር የተጻፈን ቀን ወሩን አስቀድሞ ያነባል፤ እኔ ይህን ሳላጣራ ኅዳር 7 ቀን 2016ን 7/3/2016 ብዬ ስጽፍ፣ እርሱ ጁላይ 3 ብሎ ተቀበለኝ። ከወሩ 13ኛ ቀን ጀምሮ ያሉትን ግን አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ተዋቸው፤ በዚህም ምክንያት የዓምዱ ከፊል በቀኝ፣ ከፊሉ በግራ ተሰልፎ ይታይ ነበር፤ እኔም የመልክ ጉዳይ ነው ብዬ አለፍኩት። በቀኝ የተሰለፈው ቀን ሆኖ መቆጠሩን፣ በግራ የቀረው ግን ጽሑፍ መሆኑን የተረዳሁት ጳጉሜን 5 ቀን የተከፈለ ገንዘብ ሜይ 13 ሆኖ ሳገኘው ነው። ቅንብሩን ቀኑን ወደሚያስቀድመው የእንግሊዝ ልማድ ብቀይረውም ነገሩ አልዳነም፤ ጥቅምት 30 በ30/2 ሲጻፍ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ የጳጉሜን ቀኖችም እንዲሁ፤ ሌላው አብዛኛው ደግሞ ሳይታወቅ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዛል።

መፍትሔው ቀንን በአንድ ሴል አለመጻፍ ነው። ለቀን፣ ለወርና ለዓመት ሦስት ዓምድ ለዩ፤ ሦስቱንም በተራ ቁጥር ሙሉ። የባንክ ደረሰኝ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚመጣ ማመሳከር ካስፈለጋችሁ፣ በአራተኛው ዓምድ ይህን ስሌት አስገቡ፦ ዓመቱን በ365 አባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን በመጣል ያገኛችሁትን ጨምሩበት፤ ወሩን በ30 አባዝታችሁ ደምሩ፤ ቀኑን ደምሩ፤ በመጨረሻም 691,194 ቀንሱ። ውጤቱን በቀን መልክ እንዲያሳይ ብታዙት የፈረንጁን ቀን ይሰጣችኋል። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2016 ሲሰላ 45,181 ይመጣል፤ ይህም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። የጳጉሜን ስድስተኛ ቀንም በዚሁ ስሌት ያለ ችግር ይስተናገዳል፤ ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ እኩል 30 ቀን መሆናቸው ለስሌት እንዴት እንደሚያመች ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ይህን ካስተካከልኩ በኋላ ደግሞ ጳጉሜን በሌላ በኩል መጣችብኝ። ውዝፍ ያለበትን አባል ለመለየት ዓመቱን በ12 አባዝቼ ወሩን በመደመር ለእያንዳንዱ ወር ተከታታይ ቁጥር ሰጠሁ። መዋጮ በጳጉሜን ስለማንሰበስብ ስሌቱ ትክክል መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የነሐሴን መዋጮ አዘግይተው በጳጉሜን የከፈሉ ዘጠኝ አባላት ነበሩ፤ የ2016 አሥራ ሦስተኛ ወር ቁጥር 24,205 ሲሆን፣ የ2017 መስከረም ቁጥርም ያው 24,205 ነው። በዚህም የተነሳ ዘጠኙ ሰዎች የመስከረምን ከፍለው የነሐሴን ያልከፈሉ ሆነው በቀይ ወጡ፤ እኔም ዝርዝሩን በጥር ስብሰባ ላይ አነበብኩት። አንዲት እናት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ደረሰኛቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሲያሳዩኝ የገባኝን ሐፍረት አሁንም አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ «የተከፈለበት ቀን» እና «የተከፈለለት ወር» የተለያዩ ዓምዶች ናቸው፤ ውዝፍ የሚሰላውም ከሁለተኛው ብቻ ነው። በወረቀቱ መዝገብ ላይ የቀድሞው ጸሐፊ ይህንኑ ለይተው ይጽፉ እንደነበር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ስም ስትፈልጉ የሚገጥማችሁ ችግር የፊደል ነው። ኃይሉ፣ ሐይሉ እና ሀይሉ ለእኛ አንድ ሰው ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ሦስት ናቸው፤ ዓለሙና አለሙ፣ ሠናይትና ሰናይት፣ ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። ዕድር የሚለው ቃል ራሱ በሁለት ዓይነት ይጻፋል። እኔ ያደረግሁት ከስሙ ጎን አንድ የመፈለጊያ ዓምድ ጨምሬ፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ የሚያመጣ «ሬጌክስሪፕሌስ» የተባለውን ፎርሙላ መደርደር ነው፤ የሀን፣ የሰን፣ የአንና የጸን ዘሮች በየድምፃቸው ሲቆጠሩ 26 መተኪያዎች ይሆናሉ። ገብረ ማርያም አንዳንዴ ተለያይቶ አንዳንዴ ተጣብቆ ስለሚጻፍ ክፍተቱንም ያስወግዳል። የስሙን ዓምድ ግን አትንኩ፤ ሰው ስሙን በመረጠው ፊደል የመጻፍ መብት አለው። በፊደል ተራ ማስደርደር ብቻ ያለ ምንም ድካም ይሠራል፤ ሀ ለ ሐ መ እያለ በገበታው ቅደም ተከተል ይሄዳል።

የማጋራቱን ነገር በአጭሩ ልግለጽ። በመጀመሪያ ሊንኩን «ያገኘው ሁሉ ማረም ይችላል» በሚለው ፈቃድ በቴሌግራም ቡድናችን ለቀቅሁት፤ በሁለተኛው ቀን የስልክ ቁጥሮች ዓምድ ተሰርዞ ተገኘ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የአንድ ሰው ጣት በስልክ ላይ ቢያዳልጠው ምን ይደንቃል? የቀደሙ ቅጂዎች የሚቀመጡበት «ቨርዥን ሂስትሪ» ውስጥ ገብቼ የቀደመውን ቅጂ መለስኩ፤ አሁን የማረም ፈቃድ ያለን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ ለአባላት በየወሩ የሚላከውም ስልክ ቁጥር የሌለበት ፒዲኤፍ ነው። ሰፈራችን መብራትና ኔትወርክ እየተፈራረቁ የሚሄዱበት ስለሆነ «ኦፍላይን» (ያለ ኢንተርኔት) መጠቀምም ግድ ነው፤ በኮምፒውተር ከሆነ ግንኙነት ባለበት ሰዓት አስቀድማችሁ ማብራት አለባችሁ፤ በስልክ ደግሞ ፋይሉን ለይታችሁ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ምልክት አድርጉበት። ሁለት ሰዎች ያለ ግንኙነት አንዱን ሴል እንዳያርሙ፣ ኔትወርክ በሌለ ጊዜ የምጽፈው እኔ ብቻ እንድሆን ተስማምተናል።

የመጠይቅ ቅጽ ማዘጋጃውን ጉግል ፎርምስንም ሞክሬ ነበር፤ አባላት የከፈሉበትን ቀን ራሳቸው እንዲሞሉ ፈልጌ ነው። ከ187 አባላት የሞሉት አሥራ አራት ናቸው፤ ከእነርሱም ሦስቱ የልጆቻቸውን ስም ጻፉ። ተውኩት።

ዳኛችን አሁንም ማኅተም ያላረፈበትን መዝገብ አይቀበሉም። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ የክፍያውን ገጽ ዋናው መንገድ ዳር ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ በወፍራሙ መዝገብ ላይ እለጥፈዋለሁ፤ እርሳቸውም ይፈርሙበታል። የሚቀጥለው ሥራዬ የድንኳኑን፣ የወንበሮቹንና የድስቶቹን ቆጠራ ማስገባት ሲሆን፣ ድስቶቹ ግን ማን ቤት እንዳሉ ገና እየተጠየቀ ነው።